በጸደይ ማሳና ኮረብታ ላይ ወፍ ለማየት ስወጣ የምሰማው ብዙ፣ የማየው ጥቂት ነው፤ ምን ላድርግ?

ማለዳ ተጓዥ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ጸደይ ከገባ ወዲህ ሲነጋጋ እየተነሳሁ ወፍ ለማየት እወጣለሁ። መንገዴ መጀመሪያ በስንዴ ማሳ መሃል ያልፋል፣ ቀጥሎ ረጅም የቁጥቋጦ አጥር ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ጅረት ተሻግሮ ሽቅብ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ላይኛው ክፍል ሳርና ድንጋይ ነው፣ እዚህም እዚያም የእሾህ ቁጥቋጦ አለ። በፈጣን እርምጃ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ወፍ ሞልቷል፣ ግን መኖሩን የማውቀው በጆሮዬ ብቻ ነው። አጥሩ ውስጥ ጫጫታ አለ፣ ስጠጋ ጸጥ ይላል። ከማሳው አንዱ ብር ብሎ ይነሳል፣ ዞር ስል የጭራው ጫፍ ብቻ ይታየኛል። ኮረብታው ላይ ደግሞ ትልልቆቹ በጣም ከፍ ብለው ስለሚበሩ ሁሉም ጥቁር ነጥብ ናቸው። ምን አየህ ብባል ድንቢጥ፣ ቁራ፣ እርግብ ብዬ አበቃለሁ። እነሱን ደግሞ ከደጄም አያቸዋለሁ።

በተለይ አንዱ ወፍ እንቅልፍ ነስቶኛል። ከስንዴው መሃል እየዘመረ ይነሳና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወጥቶ ወጥቶ ከዓይኔ ይጠፋል፣ ዜማው ግን አይቋረጥም። ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ትንፋሽ እንኳ የሚወስድ አይመስልም። ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። የት እንደገባ አይታወቅም። ይሄ ምንድን ነው?

ሌላው የመነጽር ነገር ነው። ያለኝ ባይኖኩላር ኪስ የሚገባ ትንሽዬ ነው፣ 10 በ25 ይላል። ወፉን በባዶ ዓይኔ አየዋለሁ፣ መነጽሩን ሳነሳ ቅጠል ብቻ። ሌላ ልግዛ ወይስ አያያዜን ላስተካክል? ድምፅስ እንዴት ነው የሚለመደው? የምታውቁ አግዙኝ።

ሸንተረር

ወንድሜ፣ «በፈጣን እርምጃ» ያልከውን ተወው፣ ግማሹ ችግርህ ይቃለላል። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ከወጣትነቴ ይልቅ ወፍ በደንብ የማየው አሁን ነው። ምክንያቱም ብዙ እቆማለሁ።

ከመንገድህ ላይ ሦስት አራት ቦታ ምረጥ። እያንዳንዱ ጋ ሃያ ደቂቃ ያህል ቁም፣ ብትችል ቁጭ በል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባዶ ናቸው፣ አትሰልች። ወፎቹ አንተን አይተው ገብተዋል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ከአጥሩ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ምንም ካልመጣበት ይዘምራል፤ እሱ ሲዘምር የሰሙት ሌሎቹ ደግሞ አንድ በአንድ ወደ መሬት እየወረዱ መልቀም ይጀምራሉ፣ አንተም ሳትንቀሳቀስ እዚያው ተቀምጠህ ሁሉንም ታያለህ። እየተራመድክ ከሆነ ግን ከፊትህ ያለው አጥር ሁሉ ቀድሞህ ዝም እያለ ነው የምትሄደው።

የት ልቁም ካልክ፣ ሁለት ዓይነት መሬት የሚገናኝበት ዳር ላይ። ማሳው ከአጥሩ፣ አጥሩ ከጅረቱ፣ ሳሩ ከቁጥቋጦው። ብዙው ወፍ ጎጆውን አጥር ውስጥ ይሠራና ምግቡን ከማሳው ያመጣል፣ ስለዚህ ዳሩ ላይ ቀኑን ሙሉ ምልልስ አለ። አጥሩ የሚታጠፍበት ጥግ ካለ ከሁሉም እሱ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሁለቱንም ጎን ታያለህ።

ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርጋት። ጠዋት ወደ ምሥራቅ እያየህ የምትሄድ ከሆነ የሚታይህ ሁሉ ጥላ ነው፣ ቀለም የሚባል ነገር የለውም። መንገድህ ዞሮ የሚገጥም ከሆነ ከሌላው ጫፍ ጀምረው። ልብስ ላይ ብዙ አትጨነቅ፣ የሚያስደነግጣቸው ከቀለሙ ይበልጥ የእጅ እንቅስቃሴ ነው። እጅህን ለመጠቆም አታንሳ።

አሁን ስለ ኮረብታው። ለትልልቆቹ ማልደህ መውጣት ትርፍ የለውም። ንስር፣ ጥንብ አንሳ፣ ሽመላ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ሽቅብ የሚወጡት በሞቀ አየር ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከላዩ ያለው አየር ይሞቅና ይነሳል፣ እነሱ እዚያ ውስጥ ገብተው እየዞሩ ይወጣሉ። ይሄ የሚጀምረው ረፋድ ላይ ነው። (ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው ነጩ ሽመላ በጸደይ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሜዲትራንያንን መሃል ለመሃል የማያቋርጠው፤ ባሕሩ ጠባብ በሆነበት፣ ወይ በምዕራብ በጂብራልታር ወይ በምሥራቅ ዞሮ በቦስፎረስ ያልፋል። ይሄን ያወቅሁ ጊዜ ካርታ ከፍቼ ብዙ አየሁ።)

እና ማለዳውን ለአጥሩና ለማሳው ስጠው፣ ኮረብታው ላይ ረፋዱ ሲጀምር ድረስ። በዚያ ሰዓት ገና ከተዳፋቱ በታች ዝቅ ብለው ሲዞሩ ታገኛቸዋለህ። ጫፉ ላይ ከተቀመጥክ እነሱ ከሥርህ ናቸው፣ ጀርባቸውን ከላይ ታየዋለህ። የትልቅ ወፍ ጀርባና የክንፍ ላባ ቀለም በፀሐይ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እነዚያው ወፎች ነጥብ ይሆናሉ።

ሌንስ

ጋሽ ሸንተረር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ የመነጽሩን ልመልስ።

የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሰው ሲገዛ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያይና ትልቁን ይመርጣል። ግን ሲያቀርብ የእጅህን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ የምታየውም ስፋት ይጠብባል። ለዚህ ነው ቅጠል ብቻ የምታየው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍለው ደግሞ ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይመጣል። የአንተ 25 ለ10 ሲካፈል 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። 8 በ42 የሚባለው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰጣል። እኩለ ቀን ላይ ብዙ ልዩነት የለውም፣ ምክንያቱም በብርሃን ጊዜ የዓይንህ ብሌንም ይጠባል፤ ሲነጋጋ አጥር ሥር ጨለማ ውስጥ ያለ ቡናማ ወፍ ለማየት ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስለዚህ አቅም ካለህ 8 በ42፣ መንገዱ ረጅም ነው ክብደት አልወድም ካልክ 8 በ32። ውዱ የግድ አይደለም።

ከመግዛትህ በፊት ግን ይሄን ሞክር። ብዙ ሰው መነጽሩን ያነሳና ወፉን በመነጽሩ ይፈልጋል። አይገኝም። ዓይንህን ወፉ ላይ ትከል፣ ዓይንህን ሳትነቅል፣ ራስህንም ሳታዞር መነጽሩን ወደ ዓይንህ አምጣው። ወፉ መሃሉ ላይ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ተለማመድ፣ የአጥር እንጨት ጫፍ ላይ ወይም ዛፍ ላይ ባለች አንዲት ቅጠል ላይ፣ እጅህ እስኪለምድ ድረስ።

ሁለተኛ፣ የቀኙ ዓይን ማስተካከያ። አብዛኛው ባይኖኩላር በቀኙ የዓይን መያዣ ላይ የምትዞር ቀለበት አለችው። ቀኝ ዓይንህን ጨፍንና በመሃለኛው መዘውር የግራውን አጥራው። ከዚያ ግራህን ጨፍነህ መዘውሩን ሳትነካ ቀለበቷን ብቻ እያዞርክ የቀኙን አጥራው። አንዴ ከገጠመ ቀለበቷን አትንካት፣ ከዚያ ወዲያ መዘውሩ ብቻ ይበቃሃል። የዓይን መነጽር የምታደርግ ከሆነ የጎማውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አስገባው፣ አለበለዚያ የምታየው በቀዳዳ ይሆናል።

ዜማ

ስለ ድምፅ የጠየቅከውን እኔ ልሞክር፣ ምክንያቱም እኔ ወፍ ማየት የጀመርኩት በጆሮዬ ነው፣ አሁንም ከማየው የምሰማው ይበልጥብኛል፣ ያንንም እንደ ጉድለት አላየውም።

በጸደይ የሚዘምረው በአብዛኛው ወንዱ ነው። ይሄ ቦታ የእኔ ነው ይላል፣ ሴቷንም ይጠራል። ጎህ ሳይቀድ ይጀምራሉ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ይሆናሉ። ለጀማሪ ያ ሰዓት ለመደሰት እንጂ ለመለየት አይሆንም። ለመለየት ትንሽ ረፈድ ሲል፣ አንድ አንድ እየሆኑ ሲዘምሩ ይሻላል።

ሁሉንም በአንዴ ለመያዝ አትሞክር። የምታውቃቸውን ድንቢጥና እርግብ ጀምር። አውቃቸዋለሁ ብለህ አትለፋቸው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ስማቸው። ድንቢጥ ስትጣላ፣ ስትደነግጥና ስትጣራ ድምፅዋ ይለያያል። እነሱን ለይተህ ከያዝክ እንግዳው ድምፅ ራሱ ጎልቶ ይወጣልሃል። ከዚያ በሳምንት አንድ አዲስ ድምፅ ጨምር፣ እንግዳውን ድምፅ ተከትለህ ባለቤቱን እስክታየው ድረስ ታገስ። በዓይንህ አይተህ የለየኸው ድምፅ አይረሳም።

ሌላ ጠቃሚ ነገር የድንጋጤ ድምፅ ነው። አጥሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም ካለና አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ከየት እንደመጣች የማትለይ ፉጨት ከሰማህ ወዲያው ቀና በል። ጭልፊት አለ ማለት ነው። ትንንሾቹ ወፎች ያንን ድምፅ የሚያሰሙት አዳኙ ድምፁ ከየት እንደመጣ እንዳይለይ አድርገው ነው። እኔ ጭልፊት በብዛት ያየሁት ወፎቹ እየነገሩኝ ነው።

አፕም አለ። ሜርሊን የሚባለው በነጻ ነው፣ የሚያዘጋጀው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ማዕከል ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ድምፅ ሰምቶ የወፉን ስም ይነግርሃል። የአካባቢህን የወፎች ጥቅል አስቀድመህ ካወረድክ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እኔ ብዙ ተምሬበታለሁ። ግን ስሙን ስለጻፈልህ ብቻ አየሁ አትበል። ስታርሊንግን የመሳሰሉ የሌላ ወፍ ድምፅ አስመስለው የሚዘምሩ አሉ፣ አፕ ይታለላል።

የአንተን ባለ ዜማ በተመለከተ፣ ከላርክ ቤተሰብ ነው፣ ከገለጻህ ስካይላርክ ይመስለኛል። ትንፋሽ የማይወስድ የሚመስለው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። የወፍ ድምፅ የሚወጣው የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ነው፣ ሁለቱ ጎኖች ለየብቻ መሥራት ስለሚችሉ በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ማውጣት ይቻላል። ትንፋሹን ደግሞ በድምፆቹ መሃል በጣም ባጭር ባጭሩ ይወስዳሉ፣ ካናሪ በሚባለው ዘማሪ ወፍ ላይ ይሄ ተለክቶ ታይቷል። ለኛ ጆሮ አንድ የማያልቅ ዜማ ነው።

ሸንተረር

እህቴ ዜማ፣ ስለ ድምፁ የጻፍሽው ድንቅ ነው። በአፑ ላይ ግን አልስማማም። ጀማሪ ስልኩን አውጥቶ የሚያይ ከሆነ ወፉን አያይም። መጀመሪያ ወፉን ይየው፣ መጠኑን፣ ቅርጹን፣ አረማመዱን፣ አበራረሩን ይያዝ፣ ስሙ ቤት ገብቶ ይደርሳል። ዘንድሮ ስሙን ያላወቀው ወፍ ለከርሞ ይጠብቀዋል።

ዜማ

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ሁሉም ሰው አብሮት የሚሄድ አዋቂ የለውም። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። አፑ ባይኖር ግማሾቹን ድምፆች እስካሁን አላውቃቸውም ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን እንደምንስማማ አውቃለሁ፣ በስልክ የወፍ ዘፈን አጫውቶ ወፉን መጥራት በዚህ ወቅት አይደረግም። ወንዱ ሌላ ወንድ የመጣበት ይመስለዋል፣ ምግብ መፈለጉን ትቶ ሲዞር ይውላል።

ሸንተረር

በዚያስ ከልቤ እስማማለሁ።

የገበሬ ልጅ

እኔ ያደግሁት እንዲህ ባለ ማሳ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ እባካችሁ ግን በደንብ አንብቡት።

ያ እየዘመረ የሚወጣው ወፍ ጎጆው መሬት ላይ ነው። ሳር ወይም ቡቃያ ሥር ትንሽ ጎድጓዳ ነገር አድርጎ ነው የሚሠራው። ሴቷ እንቁላሉ ላይ ስትተኛ ቀለሟ ከአፈሩ አይለይም፣ አጠገቧ ቆመህ አታያትም። ጫጩቶቹ ደግሞ መብረር ሳይችሉ፣ በተፈለፈሉ ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ከጎጆው ወጥተው ቡቃያው ውስጥ ይሰወራሉ። ስለዚህ «ትንሽ ጠጋ ብዬ ልየው» ብለህ ማሳው ውስጥ አትግባ። ገበሬው ስንዴው እንዲረገጥ አይፈልግም፣ ያ አንድ ነገር ነው፤ ወፉ ደግሞ አንተ እስክትሄድ ወደ ጎጆው አይመለስም፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ውሻ ይዘህ የምትሄድ ከሆነ በገመድ ያዘው፣ በተለይ ኮረብታው ሳር ላይ። እዚያም መሬት ላይ የሚተኙ አሉ።

ወፍ ክንፏ እንደተሰበረ እየተጎተተች ከፊትህ ስትሄድ ካየህ አትከተላት። ፕሎቨር የሚባሉት እንዲህ ያደርጋሉ፣ ደህና ናት፣ ከልጆቿ እያራቀችህ ነው። በመጣህበት ተመለስ። አናትህ ላይ እየጮኸች የምትመላለስም ካለች ትርጉሙ ያው ነው፣ ጎጆዋ ቅርብ ነው።

ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ የእርሻ መሬት ወፎች ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የሚረጨው መድኃኒት ጫጩቶቹ የሚበሉትን ነፍሳት ይጨርሳል፣ አጥሩ ለትራክተር እንዲመች ይነቀላል፣ ሳሩ ቀድሞ ይታጨዳል። ስንዴው በመኸር የተዘራ ከሆነ ደግሞ በጸደይ ቶሎ ይረዝምና ይጠቀጠቃል። ስካይላርክ በአንድ ወቅት ሁለት ሦስት ጊዜ መፈልፈል አለበት፣ ለሁለተኛው ሲመለስ መሬት ላይ የሚያርፍበት ክፍት ቦታ የለም። አንዳንድ ገበሬዎች ሲዘሩ በማሳው መሃል ትንንሽ ባዶ ቦታ ይተዋሉ፣ ወፉ እዚያ እያረፈ ነፍሳት ይለቅማል። ከእህሉ የሚጎድለው ኢምንት ነው። አባቴም የማሳውን ጥግ ሳያርስ ይተወው ነበር፣ እኔ ልጅ ሆኜ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ወፉን ከመንገዱ ሳትወጣ ለማየት መንገድ አለ። ሲወጣ አትከተለው፣ ሲወርድ ጠብቀው። እየዘመረ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ዜማውን ያቋርጥና ክንፉን ሰብስቦ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። የወደቀበት ቦታ ጎጆው አይደለም፣ ራቅ ብሎ አርፎ በእግሩ ነው የሚሄደው። መንገዱ ዳር ቡቃያው ሳሳ ያለበት ቦታ ካለ እዚያ ብቅ ሲል ታየዋለህ። ቡናማ ነው፣ ደረቱ ላይ ጭረት ጭረት አለበት፣ አናቱ ላይ አጭር ጉትዬ አለው፣ ሲበር የጭራው ዳርና ዳር ነጭ ነው።

ማለዳ ተጓዥ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የነገራችሁኝን ይዤ ወጣሁ፣ የአጥሩ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ።

ባለ ዜማው ስካይላርክ ነው! የገበሬ ልጅ እንዳልከው ሲወርድ ጠበቅሁት። መንገዱ ዳር ቡቃያው የሳሳበት ቦታ ላይ ወጣ፣ ጉትዬውን አቁሞ አየኝ፣ ከዚያ በእግሩ ቱር ቱር ብሎ ገባ። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያች ትንሽ አካል ነው የሚወጣው። አላምንም አልኩ።

ጅረቱ ጋ ደግሞ ጨረባዎች አገኘሁ። ጭራቸው ረጅም፣ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጉሮሯቸው ቀይ። እየመጡ ጭቃው ዳር ያርፋሉ፣ ክንፋቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ ላባቸው ጭቃ እንዳይነካ መሰለኝ፣ በምንቃራቸው ጥቂት ጭቃ ቆንጥረው ይሄዳሉ። ወዲያው ይመለሳሉ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ መቁጠር አቃተኝ።

ሁለት አዲስ ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ኮረብታው ላይ ጭልፊት የሚመስል ወፍ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል፣ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ከታች ማሳው ላይ ደግሞ ሌላ፣ ከሱ ተለቅ ያለ፣ ስንዴውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ዝቅ ብሎ ሲመላለስ አየሁ። አንድ ዓይነት ናቸው? ሁለተኛ፣ ኮረብታው ላይ ያለው የእሾህ ቁጥቋጦ ላይ ጥንዚዛ ተሰክቶ አገኘሁ። እሾሁ በመሃሉ አልፏል። ነፋስ ያመጣው አይመስልም። ማን ነው ይሄን የሚያደርገው?

ሸንተረር

ጎሽ! መቀመጥህ ደስ አለኝ።

አየር ላይ የሚቆመው ኬስትረል ነው፣ የጭልፊት ዘር። መነጽርህን ራሱ ላይ አድርገህ ተመልከተው። ክንፉና ጭራው ያለ ማቋረጥ ይንቀሳቀሳሉ፣ ራሱ ግን ቅንጣት አይነቃነቅም፣ ዓይኑን ሳሩ ውስጥ ያለች አይጥ ላይ ተክሏል። ነፋስ ያለበት ተዳፋት ይወዳል፣ ነፋሱ ስለሚይዝለት ድካሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ነፋሻ ቀን ከሆነ ነፋሱ የሚመታውን የኮረብታ ጎን ፈልገው፣ ትንንሾቹን ወፎች ከፈለግክ ደግሞ ከነፋሱ የተከለለውን ጎን።

ዝቅ ብሎ የሚመላለሰው ሌላ ነው፣ ሃሪየር ይባላል። ቀለሙን ለማየት አትቸኩል፣ አያያዙን እይ። ሲንሳፈፍ ሁለቱን ክንፎች ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይይዛቸዋል፣ ከፊት ስታየው የ«ቪ» ቅርጽ ይሠራል። ፊቱ እንደ ጉጉት ክብ ነው፣ ምክንያቱም እሱም እንደ ጉጉት በጆሮው ነው የሚያድነው፣ ቡቃያው ውስጥ አይጥ ስትንኮሻኮሽ ይሰማል። ለዚህ ነው ዝቅ የሚለው። እሱም ጎጆውን መሬት ላይ ነው የሚሠራው፣ አንዳንዴም ስንዴው ውስጥ። ማሳው ላይ ቶሎ ቶሎ አንድ ቦታ ሲገባ ካየኸው ለገበሬው ንገረው፣ አጨዳ ሲደርስ ያንን ቦታ ሊያልፈው ይችላል።

የገበሬ ልጅ

ይሄን የመጨረሻውን ነገር አደራ። ገበሬው ካላወቀ ማሽኑ አያይም። ጎጆውን ፍለጋ ግን አንተ አትግባ፣ ከመንገዱ ሆነህ አቅጣጫውን ብቻ አሳየው።

ዜማ

የእሾሁን እኔ ልመልስ፣ በጣም የምወደው ወፍ ስለሆነ። ሽራይክ ይባላል። ከድንቢጥ ብዙም አይበልጥም፣ ግን አዳኝ ነው፣ የምንቃሩ ጫፍ እንደ ጭልፊት የተቆለመመ ነው። እግሩ ግን የጭልፊት ጥፍር የለውም፣ የያዘውን ረግጦ መቦጫጨቅ ይቸግረዋል። ስለዚህ እሾህ ላይ ይሰካውና ከዚያ እየቦጨቀ ይበላል፣ የተረፈውን ደግሞ ለሌላ ጊዜ እዚያው ያቆየዋል። ጥንዚዛ፣ ፌንጣ፣ አንዳንዴ ትንሽ እንሽላሊትም። እሾሃማ ሽቦ ካለ ሽቦውንም ይጠቀምበታል። ሌሎቹንም እሾሆች ዞር ዞር ብለህ እይ፣ አንድ ካለ ብዙ ሊኖር ይችላል፣ ግን ምንም አትንቀል፣ ምግቡ ነው።

እሱን ለማየት ከቁጥቋጦው ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ሌሎቹ ወፎች ውስጥ ውስጡን ሲሄዱ እሱ ከላይ፣ የመጨረሻዋ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ከዚያ መሬት ይወርድና ወደዚያው ቅርንጫፍ ይመለሳል። ዓይኑን የሚያቋርጥ ወፍራም ጥቁር መስመር ካለው እሱ ነው። ጀርባው ቡናማ ነው ወይስ ግራጫ የሚለውን ካየህ ጻፍልን፣ የትኛው ሽራይክ እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው።